ለብቻው የሚያድረው

ከጎንደር ወደ አይከል በሚሄድ የጭነት ማኪና ላይ ነን። አንድ ወጣት ሐኪም ከጎኑ የተቀመጡትን ሽማግሌ ስለሞተው ልጃቸው ይጠይቃቸዋል።

«አያ ደሴ፣ ምን ነበር የገደለው?»

«መጋኛ ነው የመታው። ማታ ሸጋ ሆኖ በላ፣ ጧት ሞቶ አገኘነው።»

«የሚጥል በሽታ ነበረበት ሲሉ ሰማሁ።»

«ቀስ በል እንጂ! እኅቱ ታጭታለች። በዘራቸው አለ ከተባለ ማን ይወስዳታል?»

«ስም አልጽፍም። እንዲህ በድንገት የሚሞቱትን ነው የምመዘግበው። እንዴት ሆኖ አገኛችሁት?»

«በሆዱ ተደፍቶ፣ ፊቱ አጎዛው ውስጥ ተቀብሮ። ምላሱን ነክሶታል።»

«ሲጥለው ማንም አልሰማም?»

«ማን ይስማ? ቀን ሲጥለው ክብሪት ጭረን አፍንጫው ሥር እንይዝለት ነበር። ማታ ግን ጎተራው አጠገብ ለብቻው ነው የሚያድር።»

«ምነው ለብቻው?»

«አረፋው ይጋባል ብለን ነዋ።»

«አይጋባም፣ አያ።»

«ምን አልህ?»

«ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።»

«እና... ጎኔ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ?»

ሐኪሙ የሚጽፍበትን ደብተር አጥፎ የሽማግሌውን እጅ ያዘ።

«ምነው! ምነው አንተ ልጅ፣ ቀድመህ ብትመጣ!»

እኔ ለብቻዋ ለምትተኛው ልጄ ከፒያሳ የገዛሁትን ክብሪት ኪሴ ውስጥ ጨብጬ፣ ዳገቱን የሚያዘግመውን ሹፌር በልቤ ስረግም አይከል ደረስን።