የለበስከውን አምጣ

ዲላ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እትዬ አስካለ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ከሰዓት ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ የአልጋ ልብስ ይሰፋሉ፤ በእጃቸው፣ በቀን አንድ ቁራጭ። አንድ ቀን ጠሩኝና «ካረጀ ሸሚዝህ ትንሽ ቁረጥልኝ። በዚህ ግቢ የኖረ ሁሉ እዚህ ላይ አንድ ቁራጭ አለው» አሉኝ። እሺ አልኩ እንጂ ደነገጥኩ። እዚያው ግቢ የተከራየው ጎረቤቴ በየነ፣ ከገደብ ከተማ የመጣው ልጅ፣ ጭራሽ አባሰው።

«ከገላህ የወጣ ጨርቅ ለሰው ትሰጣለህ? ምን እንደሚሠሩበት በምን ታውቃለህ?»

«አንተስ አልሰጠህም?»

«እኔማ የወንድሜን ነው የሰጠሁት!»

በመተት አላምንም። ቢሆንም በማግስቱ ገበያ ወጥቼ ሰማያዊ ጨርቅ ገዛሁ። አጥቤ፣ አሽቼ፣ ከጠርዙ ክር መዝዤ አሮጌ አስመሰልኩትና ወሰድኩላቸው። በሁለት ጣታቸው ዳሰሱት፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ።

«ይሄ ጨርቅ ሰው ገላ ላይ ውሎ አያውቅም።»

«የራሴ ነው፣ እትዬ።»

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ውሸት ስሰማ ነው የኖርኩት።» ሳቁና ጨርቁን አጣጥፈው መለሱልኝ። «እኔ የምቸኩልበት ነገር የለኝም፤ ቀስ ብዬ ነው የምሰፋው። ቦታህን ክፍት ትቼዋለሁ። ስታምነኝ ታመጣለህ።»

አፈርኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት መርፌያቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም ወደ ክፍሌ ሄድኩ። እግረ መንገዴን ግን የግቢው ገመድ ላይ ያሰጣሁትን ሸሚዝ ሳይደርቅ አንስቼ ክፍሌ ውስጥ ቆለፍኩበት።