የተውሶ ወርቅ

ከደገሀቡር ወደ ጅጅጋ በምትሄደው ላንድሮቨር ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። ወጣቷ የታመመች ልጇን ታቅፋለች።

“ወዴት ነሽ ልጄ?” አሏት ትልቋ።

“ሆስፒታል ነኝ፣ እትዬ። ለነፃ ሕክምና የቀበሌ ወረቀት ይዣለሁ።”

“ይህን ወርቅ አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ?”

“የእኔ አይደለም። ጎረቤቴ ናት ‘ከተማ ሄደሽ እንዳትናቂ’ ብላ ያሰረችልኝ።”

“መናቁ ይሻልሽ ነበር! የሆስፒታሉ ጓድ ጸሐፊ ካየው ‘ሽጠሽ አሳክሚ’ ብሎ ነው የሚመልስሽ። እህቴንም እንዲሁ ነው የመለሳት።”

“ጡቴ ሥር ልደብቀዋ!”

“በር ላይ ፈታሿ አለችልሽ፤ እሷ ጡት መች ትምራለች? ደብቀሽ ከተገኘማ የባሰ ነው።”

“ታዲያ ምን ይዋጠኝ?”

“ለእኔ ስጪኝ። እስክትወጪ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።”

“አላውቅዎትም እኮ!”

“እኔስ አንቺን የት አውቅሻለሁ?”

“የሰው አማና፣ የሰው አደራ ነው፣ እትዬ። ቢጠፋ ጎረቤቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?”

“ልጅቷስ የማን አማና ናት?”

ልጅቷ አቃሰተች። ወጣቷ ወርቁን ከአንገቷ ፈታች።

“እንኩ፣ ይያዙልኝ። ስምዎን ግን ይንገሩኝ።”

መውረጃዬ አልፎ ነበር፤ እኔ ግን ስማቸውን ሳልሰማ “ወራጅ አለ” ማለት አልቻልኩም።