ሙዝ ነው ሲሉት ኮባ፣ ኮባ ነው ሲሉት ሙዝ

በኛ ጊዜ፣ ስሙኝማ ልጆቼ፣ ሰው የሚዘምተውም ቤቱ የሚቀረውም በጌታው አፍ ነበር። ዝመት ካለህ ትዘምታለህ፣ ቅር ካለህ ትቀራለህ፣ በቃ። ታዲያ የኔ ባል ተሰማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በፊቱ አንቱ ነበር የምለው፣ አሁን ለጨዋታው እንዲመቸኝ እሱ ልበለው፣ የአንድ ትልቅ ጌታ አትክልት ጠባቂ ነበር፤ እዚሁ አንኮበር፣ ከግቢው በታች ባለው ተዳፋት ላይ። ጎመን ነው፣ ሽንኩርት ነው፣ ጌሾ ነው፣ ሌላ አያውቅም።

እና የጌታው ሚስት፣ እመቤታችን፣ ከአዋሽ ማዶ ከሞቃት አገር የመጡ ነበሩ። እዚህ ብርድ ላይ ከመጡ ወዲህ እህል እምቢ አላቸው። ጠጅ ቢሉ እምቢ፣ ሥጋ ቢሉ እምቢ፣ ከሱ መነመኑ፣ እጃቸው እንዲህ የወፍ እግር አከለ። ጌታው ጨነቃቸው። "ምን ላምጣልሽ?" ቢሏቸው፣ "በአባቴ ደጅ የነበረው፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ፍሬው የሚጣፍጥ፣ ሙዝ የሚሉት፣ እሱ አማረኝ" አሉ። ጌታው ተሰማን አስጠሩትና፣

"አንተ፣ ሙዝ የሚሉትን ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም ጌታዬ።"

"እኔም አላውቀውም። አጽድቅልኝ። ከጸደቀ ለሚመጣው ዘመቻ አትወጣም፣ እመቤትህን ትጠብቃለህ። ካልጸደቀ ጋሻህን ታነሳለህ።"

ይታያችኋል? የማያውቁትን ዛፍ የማያውቀውን ሰው አጽድቅ! ተሰማ እቤት ገብቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። "ምነው?" ብለው፣ "እንጃ፣ ምን እንደታዘዝኩ አልገባኝም" አለኝ።

ታዲያ ታች አሊዩ አምባ ገበያ ከድር የሚባል ነጋዴ ወዳጅ ነበረው፣ ከሐረር የሚመላለስ። ወርዶ ነገረው። ከድርም ክረምቱ ሊገባ ሲል ችግኙን በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ በአህያ ይዞልን መጣ። ጆንያውን ብንፈታው አማቴ፣ የተሰማ እናት፣ ጎንበስ ብለው አዩና ሳቁ።

"ይሄማ ኮባ ነው! እኔ ጓሮ ያለው! ዳቦ የምጋግርበት!"

ከድር ደነገጠ። "ኧረ እማማ፣ ወላሂ ሙዝ ነው!"

"አንተ ልጅ፣ ኮባ ነው እልሃለሁ። ቅጠሉን እያየሁት?"

"ቅጠሉ ይመሳሰላል እማማ። ኮባ ፍሬው አይበላም፣ የሙዝ ይበላል።"

"ታዲያ ፍሬው የታለ?"

"ገና ነዋ!"

"እንግዲያ ኮባ ነው!"

ምን ትላላችሁ? እኔ አንዴ አማቴን አያለሁ፣ አንዴ ከድርን አያለሁ፣ ሁለቱም እውነት የሚናገሩ ይመስለኛል። ተሰማ ተከለው። ነፋሱ ቅጠሉን እንዳይተለትልበት ብሎ ደግሞ ዙሪያውን ምን ቢተክል ጥሩ ነው? ኮባ! ከእናቱ ጓሮ አምጥቶ የእውነቱን ኮባ! ያ ነው እንግዲህ ነገሩን ሁሉ ያወዛገበው።

ክረምቱን አቤት ሲያድግ! ቅጠሉ ሰው ይጠቀልላል። ሰው ከየሰፈሩ ለማየት ይመጣል፣ መምሬ ሳይቀሩ መጥተው ዞረው ዞረው አይተው፣ "የቱ ነው ሙዙ?" አሉ። ተሰማ "ይሄ" አለ፣ ቀጥሎ "አይ፣ ያኛው" አለ፣ ቀጥሎ ራሱን አከከ።

እና መስከረም ጠባ፣ እኔም አረገዝኩ፣ የመጀመሪያዬን። ጦሩ ከጥምቀት በኋላ ይንቀሳቀሳል የሚል ወሬ መጣ። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ ገባ፣ የታኅሣሥን ውርጭ ታውቁታላችሁ። ከደብረ ብርሃን ሜዳ ተነስቶ ቁልቁል የሚመጣው ያ ጥርት ያለ ብርድ! ተሰማ ግንዱን በጭድ ከበበ፣ በሰሌን ጠቀለለ። አልበቃ ሲለው ወደ እኔ አየ። ገባኝ። ጋቢዬን ከላዬ አወለቅሁና ሰጠሁት። አማቴ ጮኹ፣

"ነፍሰ ጡር ሴት ታበርዳለህ? ለቅጠል? ለኮባ?"

"እትዬ ይተዉት፣ ቅጠሉ ከበረደው እሱ መሄዱ ነው" አልኳቸው። ከዚያ የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው ለሁለተኛው ግንድ አለበሱት፣ እያጉረመረሙ። እናት ናቸው ምን ያድርጉ።

አልሆነም። አንድ ጠዋት ብንወጣ ሁሉም ጠቁሯል። ሙዙም ኮባውም፣ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ተንጠልጥሏል። ተሰማ ቅጠሉን እንዲህ ቢይዘው እጁ ላይ ቀረ። እኔ አለቀስኩ። ለዛፍ ያለቀስኩት እንዳይመስላችሁ።

ከድርን አስጠራነው። ግንዱን ዳሰሰው፣ አሸተተው፣ "ቁረጠው፣ እስከ መሬት" አለ።

"ልግደለው?"

"ሕይወቱ ሥሩ ውስጥ ነው፣ ኢንሻአላህ። ቁረጠውና ጭድ አልብሰው። ሲሞቅ ይወጣል።"

"ካልወጣስ?"

"እሱን አላህ ያውቃል።"

ተሰማ ጨክኖ ቆረጠው። ኮባውንም አብሮ ቆረጠው፣ የቱ የቱ እንደሆነ ከጠቆረ ወዲህ ማን ይለየዋል። ከዚያ በላዩ ጭድ ከመረ። ጥምቀትን ዋልን፣ ጦሩ ሊነሳ ነጋሪት ተመታ፣ የጌታው አጋፋሪ መጣ።

"የታለ ሙዙ?"

"ይኸው" አለ ተሰማ፣ ጭዱን አሳየው።

"ይሄ ጭድ ነው።"

"ከጭዱ ሥር ነው።"

አጋፋሪው በከዘራው ገለጥ አደረገ። "ይሄ አፈር ነው።"

"ከአፈሩ ሥር ነው።"

"ሞቷል እንዴ?"

"አልሞተም።"

"ታዲያ አለ?"

"እሱማ አይታይም።"

ሰውዬው ተሰማን አየ፣ ጭዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሆዴን አየ። "እና እኔ ለጌታዬ ምን ልበላቸው? አለ ልበል ሞቷል ልበል?" ተሰማም እውነቱን ነገረው፣ "እኔም አላወቅሁትም" አለው። አጋፋሪው ግራ ገብቶት ሄደ፣ ትንሽ ቆይቶ ጌታውን ራሳቸውን ይዞ መጣ፣ እመቤቲቱም በበቅሎ ተከትለው፣ በካባ ተጠቅልለው፣ ዓይናቸው ብቻ ይታያል።

ጌታው ተቆጡ። "ጋሻህን አንሳ! የደረቀ ጉድጓድ ልታሳየኝ ነው እዚህ ድረስ ያስመጣኸኝ?"

ተሰማ መሬት ሳመ። አማቴ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ያን ጊዜ እመቤቲቱ ከበቅሎ ወረዱ። ማንም ሳያግዛቸው ተንበረከኩና እጃቸውን ጭዱ ውስጥ ከተቱ። ቆዩ።

"ምን አገኘሽ?" አሉ ጌታው።

"ልስልስ ያለ ነገር አለ።"

"ሕያው ነው?"

"እንጃ።"

"የበሰበሰ ነው?"

"እሱም እንጃ።"

ጌታው ዞር ብለው አማቴን፣ "አንቺ ባልቴት፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" አሉ። አማቴ እንግዲህ፣ እኔ ፈርቻለሁ፣ "ኮባ ነው" ይሉ ይሆን ብዬ። እሳቸው እጅ ነሱና፣ "ጌታዬ፣ ኮባም ቢሆን ይበቅላል፣ ሙዝም ቢሆን ይበቅላል" አሉ። አቤት ብልሃት! ወይ ደግሞ ብልሃት አልነበረም፣ እሳቸውም ግራ ገብቷቸው ይሆናል፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጌታው ግንባራቸውን አሹ። "እሺ። ሞቶ እንደሆነ ትዘምታለህ፣ በሕይወት እንደሆነ ትቀራለህ ብዬ ነበር። አሁን ያለውን የሚያውቅ ጠፋ። እንግዲያ እስኪለይ ድረስ ተቀመጥ" አሉና ሄዱ።

ጦሩ ወረደ። ባሌ ጭድ ሲጠብቅ ቀረ። አልደበቅም፣ ሰው ሳቀበት፣ "የጭድ ዘበኛ" አሉት፣ እሱም አፍሮ ከቤት አይወጣም ነበር። በኋላ ግን ከሰፈራችን የወረዱት ሁሉ አልተመለሱም። የጎረቤታችን ልጅ እዚያው ቀረ፣ ያ አጋፋሪም እዚያው ቀረ። እኔ አንድ ቀን ደስ ይለኛል፣ አንድ ቀን የዚያን የጎረቤት ልጅ እናት ሳያት ደስታዬ ያሳፍረኛል፣ ምን እንደሚሰማኝ ራሴም አላውቅም ነበር።

ታዲያ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ጭዱን ሰንጥቆ ወጣ! እንደ ተጠቀለለ ብራና፣ አረንጓዴ፣ ከዚህም ከዚያም። ተሰማ ጮኸ፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ። አማቴ አዩና "ኮባ!" አሉ። ከድር መጣ፣ "ከጎኑ ልጅ ያወጣው ሙዝ ነው፣ ኮባ እንዲህ አይወልድም" አለ። ቀረብ ብሎ ቢያይ ግን ሥሩ ተጠላልፏል፣ የማን ልጅ የማን እንደሆነ አይለይም። ተነሳና፣ "ወላሂ እኔም ጠፋብኝ" አለ።

እመቤቲቱ መጡ። ቅጠሉ ያኔ ወገቤ ድረስ ነው። ካፊያ ጀመረ፣ ጥላ ሊይዙላቸው ሲሉ "ተዉኝ" አሉ። ከቅጠሉ አጠገብ ተቀመጡ። ዝናቡ ቅጠሉን ሲመታው ጠብ ጠብ ጠብ ይላል፣ የጎመን ቅጠል እንዲህ አይልም፣ የጌሾም አይልም። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት፣ ሰሙት፣ እንባቸው ወረደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

"እዚህ ቤት የሚበላ ነገር አለ?" አሉኝ።

የገብስ ቂጣ በአይብ አቀረብኩላቸው። በሉ። ጨረሱት! ድገሚኝ አሉ! እኔ ምኑ እንዳዳናቸው አላውቅም። ፍሬ እንደሆን አንድም ቀን አላፈራ፣ ብርዱ መቼ ፍሬ ያስይዘዋል፤ በየዓመቱ ይጠቁራል፣ እንቆርጠዋለን፣ ይወጣል። ተሰማም ሌላ ዘመቻ እስኪመጣ ቀረ፣ እኔም በግንቦት ወለድኩ፣ የናንተን አያት።

አንዷ ከመካከላችሁ አሁን "ታዲያ በመጨረሻ ሙዝ ነበር ወይስ ኮባ?" ትለኛለች። እኔ ምን አውቃለሁ? ያወቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ባሌ ይሄድ ነበር። ያ ሁሉ ሰው አለማወቁ ነው ያተረፈልኝ፣ አሁን ምን ብዬ ልወቀው?

"እንግዲያ እኛም ሳናውቀው ይቅር፣ እማማ" አለች ልጅቷ፣ እና ሁላችንም ሳቅን።