የያርጋል አለኸኝ ውጤትና የአባታቸው ሁለት ደብዳቤዎች

አባቶች ካህናት፣ ለቅሶ የደረሳችሁ የዳባትና የደባርቅ ወገኖች፣ ይህን ዜና ሕይወት መሪጌታ ሊያነቡት ነበር፤ ትናንት ከሰማሁት በኋላ ግን እኔ አባታቸው አለኸኝ ክንዴ ራሴ እንዳነበው ለመንኋቸው።

አቶ ያርጋል አለኸኝ ከእኔና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋነሽ ዋሴ በጥር ወር ፲፱፻፴፰ ዓ.ም. ከዳባት ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ተወለዱ። ከየኔታ ገብረ ኪዳን ዘንድ ፊደል ቆጥረውና ዳዊት ደግመው፣ በስምንት ዓመታቸው ዳባት ትምህርት ቤት ገቡ። እኔ ከሁለተኛ ክፍል የወጣሁ ስለሆንኩ ከካርዳቸው ላይ የማየው አንድ ነገር ብቻ፣ ደረጃቸውን ነበር። አንደኛ ሲወጡ ሙክት አርድ ነበር፤ ሦስተኛ በወጡበት ዓመት ግን ካርዱን ካመጡበት ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም አላነጋገርኳቸውም። በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ወጡ፤ እኔም ልጅ የሚቃናው እንዲህ ነው ብዬ ያዝኩ።

ሁለተኛ ደረጃን ጎንደር ጨርሰው በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በየካቲት የመጀመሪያ ውጤታቸው አንድ ነጥብ ስድስት መሆኑን ጻፉልኝ። እኔም ነገሩ እንደ ካርዱ ደረጃ መስሎኝ፣ ከዚያ ሁሉ የአገር ልጅ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ዋሉ ብዬ ለማኅበርተኞቼ ነገርኩ፤ እናንተም መረቃችሁ። ለእሳቸው የጻፍኩት አጭር ነበር፦ «ውጤትህን አይቻለሁ። ወንድ ልጅ ወልጃለሁ።»

በሐምሌ ሁለት ነጥብ አምስት ሆነ፤ ክረምቱን አብረን ስናርም ፊቴን አጠቆርኩባቸው እንጂ አንድ ቃል አልጠየቅኳቸውም። በተከታዩ የካቲት ሦስት ነጥብ ሦስት ሲሉኝ፣ ከተማ አበላሻቸው ብዬ «ውጤትህን አይቻለሁ። አሳፍረኸኛል» ስል ጻፍኩ። ከዚያ ሦስት ነጥብ ስምንት መጣ፤ ለእሱ መልስ አልሰጠሁም። ያን ክረምት አገራቸው ሳይገቡ እዚያው ሲያጠኑ ከረሙ።

በያዝነው ጥር ተስቦ ይዟቸው ሳለ ሐኪሞች ተኛ ቢሏቸው እምቢ ብለው፣ ፈተናውን እየተንቀጠቀጡ ከፈጸሙ በኋላ ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። ጎንደር ሲደርሱ ሐኪም ቤት ገብተው፣ በሦስተኛው ቀን፣ ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም. በሃያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። እኔ የደረስኩት ከተገነዙ በኋላ ነው።

አስከሬናቸውን ይዘን ስንመጣ፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ያልተለያቸው የመኝታ ክፍል ጓደኛቸው አሻግሬ መኪናው ላይ «አባቴ፣ ያርጋል በሦስት ነጥብ ስምንት ምን አጠፋብዎት?» አለኝ። ትልቁ ውጤት አራት መሆኑን ያን ጊዜ ሰማሁ።

«አንድ ነጥብ ስድስትስ?» አልኩት።

«ሊባረር ነበር።»

አሻግሬ እንደነገረኝ በዚያ ወቅት ተስፋ ቆርጠው፣ ትምህርቱን ትተው ሊመጡ ሻንጣቸውን አስረው ነበር። ደብዳቤዬ ሲደርሳቸው «ወድቄም አልጣለኝም» ብለው ሻንጣቸውን ፈቱ፤ ከዚያ በኋላ መብራት እስኪጠፋ ከመጻሕፍት ቤት የማይወጡ ሆኑ። ሁለተኛው ደብዳቤ ሲደርሳቸው ደግሞ ደጋግመው አንብበው፣ «አባቴ ከዚህም በላይ እንደምችል ያውቃል ማለት ነው» አሉ። ሁለቱንም ከኮታቸው ኪስ አገኘኋቸው፤ የመጀመሪያው ከእጥፋቱ ላይ ተበጣጥሷል።

እውነቱን አውቄ ቢሆን ኖሮ ያን ደብዳቤ አልጽፈውም ነበር። ልጄን ያነሣቸው ስሕተቴ ነው። አውቄ የምጽፈውማ ከወደቁበት ያስቀራቸው ነበር። ከትናንት ጀምሮ ይህን ነገር ልቤ ሊቀበለው አልቻለም።

ማኅበርተኞቼ፣ ልጅህ ስንተኛ ነው ስትሉኝ ወርዷል ብያችኋለሁ። አልወረዱም፤ ሲወጡ ነበር። ይህን ሳልናገር አፈር እንዲለብሱ አልፈቀድኩም።

አቶ ያርጋል ትዳር አልያዙም፤ እናታቸውን፣ እህታቸውን ይታይሽንና እኔን ትተውን ሄደዋል። የጻድቃን አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእናታቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

የጥር ወሩ ፈተና ውጤት ገና አልወጣም። ውጤቱ ሲወጣ እልክልዎታለሁ ብሎኛል አሻግሬ። ስንትም ይሁን መልሴን ከወዲሁ በፊታችሁ እሰጣለሁ፦ ውጤትህን አይቻለሁ። ወንድ ልጅ ወልጃለሁ።