በዐይን ቆብ የሚለካ ሙቀት

ልጅቷ እኩለ ቀን ላይ በጓሮ በኩል ስታልፍ የጫጩት ማስፈልፈያው ክፍል በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። ብቅ ብትል አጎቷ የማሽኑን ክዳን ከፍተው፣ አንዲት እንቁላል የዐይናቸው ቆብ ላይ አስደግፈው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ሙቀቷን እየጠየቅኳት ነዋ! እጅ ይደነዝዛል፤ የዐይን ቆብ ግን ስስ ነው።» እንቁላሏን መልሰው ቀጣዪቱን አነሱ።

አጎትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫጩት ሲያስፈለፍሉ ስለኖሩ ሰፈሩ «የጫጩት አባት» ይላቸዋል። ዘንድሮ ግን ሁለት ዙር እንቁላል ከሽፎባቸዋል። የዶሮ እርባታው ባለቤት እህታቸው፣ የልጅቷ እናት፣ ገና የተጀመረው ይህ ዙርም ካልተሳካ ክፍሉን ልትዘጋው ቆርጣለች። እሳቸው ይህን ያውቃሉ፤ አያነሱትም እንጂ።

«ኮምፒውተሩ ላይ የሚመዘግቡት ሙቀትስ ምን ይላል?» አለች ልጅቷ፣ ኮሌጅ ጨርሳ መመለሷ ነበር።

«እናትሽ ጻፍ ስላለችኝ በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ እጽፋለሁ። አማካዩን ደግሞ እሷው አውጥታው ሠላሳ ሰባት ተኩል ሆነ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

«አማካይ እኮ ሸፋፍኖ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፣ ጋሼ። ጠዋት ቢያቃጥሏቸው፣ ከሰዓት ቢያበርዷቸው፣ አማካዩ ደህና ነው። እንቁላሏ ግን ቃጠሎውንም ብርዱንም ትቀምሳለች።»

«አንቺ ደግሞ! ኮሌጅ ነው የከረምሽው ወይስ እንቁላል ውስጥ?»

እየሳቀች ክዳኑን እንዲዘጉ ለመነቻቸውና ሙቀቱ የተመዘገበበትን ኤክሴል ከፈተች። «እኩል ይሆናል ምልክት፣ ቀጥሎ ማክስ፣ በቅንፍ ውስጥ ደግሞ የሙቀቱ ዓምድ። ከሁሉ የሚበልጠውን ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ሚን ካልኩት ከሁሉ የሚያንሰውን።»

ከፍተኛው 37.8፣ ዝቅተኛው 37.2 ሆነ።

«አላልኩሽም?» አጎትየው ጭናቸውን መቱ። «ሽማግሌው ቢሸፍንልኝ እንኳ ማክስና ሚን መሰከሩልኝ!»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ቢሆንም ዓምዱን ወደ ታች እያንሸራተተች አየችው። እዚህም እዚያም ቁጥሩ ላይ ቃል ተቀጥሎበታል። «30 ግን አሁኑኑ ይሞቃል።» «40 ስለበረዳቸው ጨምሬላቸው ነው።»

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ምክንያቱን አስረዳሁ።»

«ፎርሙላው ቃል የተቀላቀለበትን ሳጥን ዘሎት ያልፋል። አማካዩም ሳያያቸው ነው የወጣው። ምክንያትዎን ጎን ካለው ዓምድ እናድርገው፤ አይጠፋም።»

ቃሉን ወደ ጎን አዛወረችና ቁጥሩን ብቻውን ተወችው። ከፍተኛው 40፣ ዝቅተኛው 30 ሆነ።

አጎትየው ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ተኖ ጠፋ። «ሠላሳው መቼ መቼ ነው?»

«ሁልጊዜ እኩለ ቀን ላይ።»

ዞር ብለው የማሽኑን ቴርሞሜትር አዩ። አሁንም ሠላሳ ነበር። እጃቸው እንደ ልማዱ ሙቀቱን ሊጨምር ወደ ማስተካከያው ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

«ክዳኑን ከፍቼ አንድ በአንድ ዐይኔ ላይ ሳደርጋቸው ነው የሚበርዳቸው... እየወደድኳቸው ነው የጨረስኳቸው በይኝ።»

ልጅቷ የቆመውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «እውነቱን እኮ አልደበቁም፣ ጋሼ። ባይጽፉት ኖሮ እኔስ ከየት አገኘው ነበር?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ክዳኑ ያለ ጉዳይ አልተከፈተም፤ ማስተካከያውም አልተነካም። ቁጥር በቁጥር ዓምድ፣ ምክንያት በምክንያት ዓምድ ይጻፋል። አጎትየው ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚያዩት ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ነው፤ ጉዳቱ ከሁለቱ ዳርቻዎች በአንዱ እንደሚገባ ገብቷቸዋልና። እህታቸውም ከየዶሮ ቤቱ የሚሰበሰበውን እንቁላል በዚሁ ዘዴ ብታየው ዝቅተኛው ከወዴት እንደሚመጣ ለየች፤ ሄዳ ብታይ ውሃ ማጠጫው ተደፍኗል። ስንት ጊዜ ዶሮዎቹን ሰነፎች ብላ ወቅሳቸው ነበር!

የመፈልፈያው ቀን ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። እህታቸው በሩ ላይ ቆማ አየች፣ ሰማች፤ የመዝጋቱን ነገር ትታ ተጨማሪ የጫጩት ሳጥን ልታመጣ ሄደች።

አጎትየው ላባዋ የደረቀላትን አንዲት ጫጩት አንስተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ የዐይናቸው ቆብ ላይ አስጠጓት።

«ስንት ሆነች፣ ጋሼ?» አለች ልጅቷ።

«ልክ ናት» አሉ ዐይናቸውን ሳይገልጡ። «ይቺን ግን በየትኛውም ዓምድ እንዳትጽፊብኝ።»