የአባ ቆልፍ ደረቅ ክፍል

ለመላው የሰፈራችን ነዋሪ በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን፦ ከወፍጮ ቤቱ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አንዱ ዛሬ ጠዋት እግሩ ተሰብሮ ከአገልግሎት ተሰናብቷል። አደጋው የደረሰው ዳቦ ጋጋሪዋ ስትቀመጥበት ነው። ከወንበሩና ከእሷ ኩራት በቀር የተጎዳ የለም።

ነገሩ ተራ ይመስላል። ግን ያ ወንበር ባይሰበር ኖሮ አባ ቆልፍና የእህታቸው ልጅ ጎን ለጎን አይቀመጡም ነበር።

አባ ቆልፍ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ የውሃ በርሜላቸውን ሳይቀር ይቆልፋሉ። የእህታቸው ልጅ ደግሞ የጥንት ሰዎችን መንደር መቆፈር ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረች ናት። ሁለቱ ከተኮራረፉ ሰንብተዋል፤ ምክንያቱም እሷ ይከፈት የምትለው፣ እሳቸው የማይከፍቱት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ደረቅ ክፍል ነው።

ሰፈራችን ከከተማው ጫፍ ስለሆነ ሁሉም ከሙያው ሌላ ቁራጭ ማሳ አለው። አምና ዘራችንን እንደ ልማዳችን ከምድጃ በላይ ሰቀልነው፤ እርጥበት እንዳያገኘው፣ ነቀዝ እንዳይበላው። እውነትም ነቀዝ አልበላውም። ዝናቡ ሲያባራ ዘርተን ጠበቅን፤ መሬቱ ዝም አለን። ለካ ዘሩን ስንጠብሰው ነው የከረምነው። እኔ አስተማሪው እንኳ በየማለዳው ማሳዬ ዳር ቆሜ የተጠበሰ እህል እስኪበቅል ስጠብቅ ነበር።

ዘንድሮ ጎረቤቶች «በአንድ ደረቅ ቦታ በጋራ እናስቀምጥ» አሉ። እንዲህ ያለ ክፍል ያላቸው አባ ቆልፍ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም አይሆንም ብለዋል። ዝናቡ ደርሷል። እስከ ማታ እሺ ካላሉ ሁሉም ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ምድጃው ይመለሳል። ሸክላ ሠሪው ሌላ ባዶ ዓመት አልችልም ብሎ ማሳውን ሊሸጥ ደላላ ማነጋገር ጀምሯል።

እንግዲህ መብራት ጠፋ፤ ወፍጮው ቆመ፤ ወረፋው ሁሉ በቀረው ወንበር ላይ ተጣበበ።

«እንደምን ዋሉ፣ አጎቴ?»

«ደህና። አትጠጊ፣ ይሄም ይሰበራል። ደግሞ ስለ ክፍሉ ከሆነ መብራት እስኪመጣ ዝም እንበል።»

«ስለ ገብስ ነው» አለች። ከጆንያዋ ሳይወቃ የቀረ አንድ ዛላ አውጥታ ሰጠቻቸው። «እስቲ ያራግፉት።»

አራገፉት። አንድም ፍሬ አልወደቀም።

«የዱሩ ቢሆን ገና ሲበስል በራሱ ይረግፋል። ነፋስ ይበትነዋል፤ የማንንም እጅ አይጠብቅም። የጥንት ሰዎች ለቀማ ሲወጡ እጃቸው የሚገባው ታዲያ ያልረገፈው ነበር። ከዚያው ዘሩ፣ ከዚያው መልሰው ዘሩ፤ በብዙ ዘመን ገብሱ መርገፍ ተወ። ዛሬ ሰው ካልዘራው ከምድር ይጠፋል።»

«በእጃችን ነዋ!»

«እኛም በእጁ ነን። ዘር ያለው ሰው እንደ ድሮው አውሬ ተከትሎ አይሄድም፤ ተቀምጦ ዘሩን ይጠብቃል። ለመጠበቅ ቤት ሠራ። ቤት ሲበዛ ጎረቤት መጣ።»

«ጎረቤት ሲበዛ ጠብ» አሉ አባ ቆልፍ።

«ጠብ ሲበዛ ዳኛ።»

«ዳኛ ሲበዛ ግብር» አለ ሸክላ ሠሪው ከወንበሩ ጫፍ፤ ወረፋው ሳቀ።

«እውነትዎን ነው፤ ግብሩም ንጉሡም ከዚያው ጆንያ ነው የወጡት» አለችው። «ግን የእርስዎም ሸክላ ከዚያው ወጣ። ሁሉም ምግብ ፍለጋ ሲዞር ቢውል ኖሮ ጭቃ የሚያቦካ፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ልጅ የሚያስተምር ከየት ይገኛል? ለሙያ ጊዜ የሰጠን የተረፈ እህል ነው።»

እጆቼን አየሁ። የጠመኔ ብናኝ አለባቸው። ፊደሉ፣ ሰሌዳው፣ ደወሉ፣ እኔም ራሴ፣ አንድ ሰው ርቦት ሳለ ሳይበላ ካስቀረው እፍኝ ፍሬ የወጣን መሆናችን ገባኝ።

አባ ቆልፍ ግን በቀላሉ አይሸነፉም። «ይሁን። ያ ሁሉ ሰው ዘሩን በየቤቱ አይደል ያስቀመጠው?»

«በየቤቱ ያስቀመጠም አለ። እኔ የቆፈርኩት መንደር ግን በቤቶቹ መሃል አንዲት ክብ ክፍል አለችው። ምድጃ የላት፣ መኝታ የላት። ወለሏ ከመሬት ከፍ ያለ ነበር፤ ጣውላው በስብሶ አልቋል፣ የተሸከሙት ድንጋዮች ግን እንደተደረደሩ አሉ። መሃላቸው ተንበርክኬ አሰብኳቸው፣ አጎቴ። ንጉሥ ሳይኖር፣ ጽሑፍ ሳይኖር፣ የነገ እህላቸውን አንድ ላይ አኑረው እንቅልፍ ተኙ።»

«ድንጋዮቹ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጠፍጣፋ ናቸው?»

«ጠፍጣፋ። አየር በሥር እንዲያልፍ፣ አይጥ እንዳይደርስ። ልክ እንደ ደረቁ ክፍልዎ። እርስዎን ማን አስተማረዎት?»

«አባቴ።»

«አባትዎንስ?»

«የሱ አባት ነዋ።»

«እሳቸውንስ?»

አባ ቆልፍ የገብሱን ዛላ በእጃቸው አገላበጡ። ያን ጊዜ ከኋላቸው የአባቶች ሰልፍ የታየኝ መሰለኝ፤ ከወፍጮ ቤቱ በር ወጥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ስም እስከሌላቸው ሰዎች ድረስ የሚደርስ። እያንዳንዱ ለሚቀጥለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ያቀብላል።

«የኔ ዘር ንጹሕ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የነሱ እንክርዳድ ነው።»

«ጆንያው ይለይ፤ ጣሪያው ይጋራ።»

«ቁልፉስ?»

«ሁለት ይሁን። አንዱ በእርስዎ፣ አንዱ በጎረቤት እጅ፤ ሁለቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈት። ያን ጊዜ የራበውም የሰነፈውም ብቻውን ገብቶ ዘር አይበላም።»

«ሁለት ቁልፍ» አሉ፤ ሁለት ፀሐይ ወጣ የተባሉ ያህል። ከዚያ ተነሥተው ወጡ።

በኋላ የሆነውን ላስቀድም። ዘሩ ደርቆ ከረመ፤ ሲዘራም በቀለ። እንክርዳዱ አባ ቆልፍን ስላናደዳቸው ሰፈሩ ሁሉ ከዘሩ እየለቀመ ማውጣት ተማረ። ሸክላ ሠሪው ደላላውን አሰናበተ። ቁልፍ ለማገናኘት ሲባል ተኳርፈው የነበሩ ሁሉ በግድ መነጋገር ጀመሩ። አንባቢ ሆይ፣ ዘርህን ከምድጃህ ላይ አውርድ፤ ጎረቤትህንም ጥራ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። መብራት መጣ፣ ባለወፍጮው ግን የሉም። ብንፈልጋቸው ከደረቁ ክፍል ፍራሽ እየጎተቱ ሲያወጡ አገኘናቸው። ውስጡ ሀብት ተቆልፎበታል ይባል ነበር፤ ከዘር ጆንያቸው ሌላ ያለው አንድ አልጋና ሁለት ትራስ ብቻ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እዚያ ማደራቸውን የእህታቸው ልጅ እንኳ አታውቅም ነበር።

ሸክላ ሠሪው ጆንያውን እንደተሸከመ ደፍ ላይ ቆመ። «አባቴ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ማንንም ሳያስገቡ ኖረው ዛሬ ምን አግኝቶዎት ከፈቱት?»

አባ ቆልፍ ሁለቱን ትራሶች ብብታቸው ሥር አደረጉ።

«አልናገርም» አሉ። «አስገባ።»