ጋሽ መፍቻና የመሪው ቁልፍ

መኪናዬ ሌባ እንኳ የሚያፍርባት አሮጌ ናት። ሆኖም ያን ሰሞን በሰፈራችን በአንድ ወር ውስጥ ሦስት መኪኖች ተሰርቀው ስለነበር፣ እኔም እንደ ባለ ንብረት በየማለዳው በመስኮት አንገቴን አስግጌ መኖሯን ማየት ጀምሬ ነበር። የሒሳብ መምህር እንደመሆኔ፣ ሦስት ያለ ሌባ አራት ሳይል እንደማይቀር አላጣሁትም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የኋላ ጎማዬ ነፋስ ጎደለውና ከመንገድ ዳር ካለ አንድ የብረት ሥራ ቤት ፊት ለፊት አቆምኩ። በሩ ላይ «ብየዳ፣ የመኪና ቁልፍ፣ የጎማ ነፋስ» ተብሎ ተጽፏል። ነፋስ ፈልጌ ገባሁ፤ ሙግት ላይ ደረስኩ።

ብረት ጨምድዶ ከሚይዘው ሞርሳ አጠገብ የቆዳ ሽርጥ ያሸረጡ፣ ቅንድባቸው የሸበተ ሰው ቆመው ብረት ይሞርዳሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ያልፈቱት ቁልፍ ስለሌለ ሰፈሩ «ጋሽ መፍቻ» ይላቸዋል። ፊታቸው የቆመችው የወንድማቸው ልጅ ናት፤ በቴክኒክ ኮሌጅ የማሽን ሥራ ተምራ ሁለት ዓመት ከእሳቸው ጋር ሠርታለች። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ስገባ የሰማሁት ግን ይህን ነበር።

«ጋሼ፣ ትናንት ጠረጴዛው ላይ የነበረው የመሪ ቁልፍ የት ሄደ?»

«ወደ ሥራው ሄደ። ዛሬ ጧት የወንድምሽ ሚኒባስ ላይ ገጠምኩት።» ወንድምሽ ያሉት የገዛ ልጃቸውን ነው።

ልጅቱ ፊቷ ልውጥ አለ። «ሳንፈትሸው? እንፈትሸው ብዬዎት አልነበረም?»

«ብለሽ ነበር። እኔም ሰምቼሽ ነበር» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ልታዘዝ ጌታዬ?»

ነፋስ መፈለጌን ስነግራቸው ጥግ ላይ ያለውን ኮምፕረሰር አስነሱት። እሱም እየተንዘፈዘፈ መጮህ ጀመረ። ልጅቱ ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ጠበቀች፤ ደግማ ደወለች።

«አያነሳም» አለች።

«ሲነዳ ስልክ አያነሳም። ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ መፍቻ በኩራት። ቀጥለውም ለእኔ፣ «መቼም የተማሩ ሰው ይመስላሉ፤ እስቲ ይፍረዱን። ሌባ መስታወት ይሰብራል፣ ሽቦ አገናኝቶ ሞተር ያስነሳል። መሪው ካልዞረለት ግን የት ይደርሳል? እኔ ከመሪው ሥር፣ አብሮት ከሚዞረው ዘንግ አጠገብ፣ የጣት ውፍረት ያለው የብረት ምላስ አስቀመጥኩ። ከጀርባው ያለው ሞላ ምላሱን ሁልጊዜ ወደ ዘንጉ ቀዳዳ ይገፋዋል። ባለቤቱ ቁልፉን ሲያዞር ምላሱ ወደ ኋላ ይመለስና በትንሽ የብረት ጥርስ ተይዞ ይቆማል፤ መኪናው ይነዳል። አቁሞ ሲወርድ ጥርሱን ያስለቅቀዋል፤ ጥርቅም! ሌባው መሪውን ታቅፎ ያለቅሳል።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ለእኔም አንድ ይሥሩልኝ ልል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።

«መምህር ነኝ፤ ብልሃቱ ግሩም ነው» አልኩ።

«መምህር ከሆኑ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ ትሑት ነው፤ እጇ ግን ስልኩን አንቆታል። «መኪናው እየሄደ ሳለ ያ ትንሽ ጥርስ ቢያመልጥ፣ ምላሱ ወዴት ይሄዳል?»

ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ወደ ዘንጉ ይሄዳል። መሪው ባለበት ይደርቃል።

«ስድስት ሰዓት ላይ የወንድሜ ተራ ነው» አለች። «ከላይኛው መናኸሪያ ሰው ጭኖ ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል። አሁን አምስት ከሩብ ሆኗል። ጋሼ፣ እባክዎ እንሂድና እናውጣው። እኔ ብቻዬን ብሄድ አይሰማኝም፤ ያለ እርስዎ ቃል ብሎን አያስፈታም።»

«ለምን ይፈታል? ምን አጠፋ?»

«እስኪያጠፋ እንጠብቅ?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!» ሽማግሌው ሞረዳቸውን አስቀመጡ። «ይኸው ወር ሙሉ የራስሽን ቁልፍ ሥዕል ይዘሽ ትከተይኛለሽ። እኔ በዚህ እጄ የሠራሁት ቁልፍ አንድ ቀን ተመልሶ መጥቶ ያውቃል? ደንበኛ ፊት ሥራዬን ላንቀጥቅጠው፣ ላራግፈው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ነው። አባቴም ሥራውን አስፈትሾ አያውቅም።»

«የአያቴ ሥራ የበር ቁልፍ ነበር ጋሼ። ቤት እንደ መኪና አይሄድም። ቤት ኮረኮንች ላይ አይንገጫገጭም። የበር ቁልፍ ቢበላሽ ሰው ደጅ ያድራል፤ የመሪ ቁልፍ ቢበላሽ ግን ሰው ገደል ይገባል።»

አንባቢዬ እንደሚያውቀው፣ በእኛ ዘንድ የባለሙያን ሥራ መፈተሽ ባለሙያውን እንደ መስደብ ይቆጠራል። ተማሪን እንፈትናለን፤ ሙያተኛን ግን «እጁ የተባረከ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እጅ ቢባረክም ሞላ ሞላ ነው፤ ምርቃት አይሰማም። ይህን ላለመናገር አፌን ይዤ ቆየሁ፣ አልቻልኩም።

«ጋሽ መፍቻ፣» አልኩ፣ «እኔ ጎበዝ ተማሪዬን የምፈትነው ስለምንቀው አይደለም። ጎበዝ መሆኑን ሌላው ሰው እንዲያምንልኝ ነው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ልጅቱ ክፍተቱን አገኘች። «የዚያ ቁልፍ መንታ እዚህ ሞርሳው ላይ ታስሯል። በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ የተሠሩ ናቸው። ኮምፕረሰሩ ላይ ልሰረው፤ መንቀጥቀጡ ከመጥፎ መንገድ አይብስም። ሩብ ሰዓት ከቆየ ወረቀቶቼን ሁሉ እዚህ ምድጃ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ሁለተኛም አፌን አልከፍትም።»

«ሁለተኛ?»

«ሁለተኛ!»

«እሰሪው» አሉ፤ ሊያሸንፉ መሆኑን ስላመኑ ፈገግ አሉ። «መምህር ምስክር ናቸው።»

ጥርሱ ምላሱን ይዞ መቆሙን ሦስታችንም አየን። በሽቦ ጠፍራ ኮምፕረሰሩ ላይ አሰረችው። ጎማዬ ሞልቷል፤ እኔ ግን ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። ዓይኔ አንዴ ወደ ሰዓቴ፣ አንዴ ወደ ምላሱ ይመላለሳል።

«እሺ ኢንጂነር፣» አሉ ሽማግሌው በጩኸቱ መሃል፣ «እስቲ ያንቺን አስረጂን።»

«የኔ ያው የእርስዎ ነው፤ ሞላውን ብቻ ገለበጥኩት። ሞላው ምላሱን ከዘንጉ ያርቀዋል እንጂ ወደ ዘንጉ አይገፋውም። ምላሱን የሚያስገባው ቁልፉ ሲዞር ነው፤ ገብቶ እንዲቆይ የሚይዘው ደግሞ ያው ትንሽ ጥርስ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ቢያመልጥ ምላሱ ከዘንጉ ይወጣል፤ መሪው ነፃ ይሆናል።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «ሰሙ መምህር? ሲሰበር የሚከፈት ቁልፍ! ሌባው መዶሻ ይዞ መጥቶ ጥርሱን ቢመታው መሪውን ፈታሽለት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ለሌባ ስጦታ እንጂ ቁልፍ አልለውም።»

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ልጅቱም ልታቃልለው አልሞከረችም።

«እውነትዎን ነው፤ መቶ ጊዜ ቢሰበር አንድ ጊዜ ሌባ ሊጠቀምበት ይችላል። ለዚያ ብዬ ነው ጥርሱን በወፍራም የብረት ቆብ የሸፈንኩት፤ ሌባ ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈራው ጊዜ ነው። ግን እሺ፣ ተሰበረም እንበል። በእኔ ቁልፍ የሚጠፋው መኪና ነው። በእርስዎስ? የሠራነው ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይሰበራል ጋሼ። እኛ የምንመርጠው ሲሰበር በማን ላይ እንደሚወድቅ ብቻ ነው።»

ጋሽ መፍቻ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ ከጥጉ፣ ጥርቅም! የሚል ድምፅ መጣ።

ጥርሱ አምልጦ ምላሱ ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ተፈናጥሯል። ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ሽማግሌው ኮምፕረሰሩን አጠፉና ምላሱን በአውራ ጣታቸው ገፉት፤ ሞላው መልሶ ገፋቸው። ቀለማቸው አመድ መሰለ። ከጧት ጀምሮ ልጃቸው ስንት ደቂቃ እንደነዳ ሲቆጥሩ ታየኝ። «ልጄን!» አሉ።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። መኪናዬ ደጅ ናት» አልኩ።

አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ተነሳን። ልጅቱ ከኋላ ሆና ትደውላለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። አደባባዩ ላይ አሸዋ የጫነ መኪና መንገድ ዘግቶ ስድስት ደቂቃ በላብን። ሽማግሌው አንድ ጊዜ እንኳ ፍጠኑ አላሉኝም፤ የመፍቻውን ከረጢት ጭናቸው ላይ ይዘው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። መሪዬን ባዞርኩ ቁጥር እጄን ያዩ ነበር።

መናኸሪያው ስንደርስ ሚኒባሱ ሞልቶ፣ ሞተሩ ተነስቶ ወደ መውጫው እየተንፏቀቀ ነበር። ጋሽ መፍቻ እኔ ሳላቆም በሩን ከፍተው ወረዱ። በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ከፊቱ ቆሙና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ፍሬኑ ጮኸ፤ ተሳፋሪው ተንጫጫ።

«አባባ! ምን ሆኑ?» ልጃቸው አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ሞተሩን አጥፋ።»

«ተራዬ ነው እኮ! ሰው ጭኛለሁ።»

«አጥፋ አልኩህ!»

ሾፌሮች ተሰበሰቡ። ከእነዚያም ገሚሶቹ በሚቀጥለው ሳምንት ቁልፉን ሊያስገጥሙ ተመዝግበው ነበር። እኔ ለአረጋዊ ክብር ብዬ ጠጋ አልኩና፣ «የረሱት ዕቃ አለ እንበልና በዘዴ እናውጣው» አልኳቸው በሹክሹክታ።

አዩኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «የለም መምህር። እነዚህም ሊያስገጥሙ ነው፤ ይስሙ።» ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ወገኖቼ፣ ዛሬ ጧት የልጄ መሪ ላይ የገጠምኩት ቁልፍ ክፉ ነው። እየሄደ ሊቆልፍ ይችላል። የወንድሜ ልጅ ነግራኝ ነበር፤ ንቄአት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጋሽ መፍቻ ዛሬስ ራሱ ተፈታ!» አለ አንዱ ቀልደኛ። የሳቀለት ግን አልነበረም።

ሽማግሌው ከመሪው ሥር በጀርባቸው ተንጋለው አራቱን ብሎኖች በገዛ እጃቸው ፈቱ። አንዱ ብሎን ሁለት ጊዜ ወደቀባቸው። ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ልጅቱ ተቀብላ ለሾፌሩ አሳየችው። ጥርሱ ከቦታው ተንሸራቶ፣ ምላሱን የያዘው በጫፉ ብቻ ነበር። ሾፌሩ ቁልቁለቱን አየ፣ ጥርሱን አየ።

«አሁን ልሂድ አባባ?»

«እኔን አትጠይቅ» አሉ። «እሷን ጠይቅ።»

እሷም ወዲያው ሂድ አላለችውም። ገብታ መሪውን እስከ ዳር ግራና ቀኝ አዞረችው፣ ባትሪ አብርታ የዘንጉን ቀዳዳ መረመረችና፣ «ሂድ፤ ታች ስትደርስና ስታቆም ደውል» አለችው።

ሚኒባሱ ከዓይናችን እስኪሰወር የመናኸሪያውን አጥር ይዘን ቆምን። ስልኩን ግማሽ ሰዓት ያህል የጠበቅነው በዚያው ነው። በዚያ ጊዜ ጋሽ መፍቻ የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ልጄ፣ ሥዕልሽን ነገ አምጪው። ሞላውን እንገለብጣለን። ቆቡን ግን እኔ እሠራዋለሁ፤ ያንቺ ቀጭን ነው፣ ሌባ በሁለት ምት ያወልቀዋል።»

«እሺ ጋሼ። ቆቡ መቅጠኑን አላየሁትም ነበር።»

«ከመግጠማችን በፊትም እናናውጠዋለን። አንድ ሰዓት። ደንበኛው እያየ።»

«በመዶሻም እንምታው።»

«በመዶሻም እንመታዋለን» አሉና በረጅሙ ተነፈሱ።

እንዳሉትም አደረጉ። በኋላ እንዳየሁት፣ ከአሥር ቁልፍ ሦስቱ ፈተናውን ይወድቁ ነበር፤ የወደቀው ጠረጴዛው ላይ ሲቀር በመንገድ ላይ ከመውደቅ ዳነ። አዲሱ የመሪ ቁልፍ የተገጠመላቸው ሾፌሮች መኪናቸውን አቁመው ምሳቸውን ያለ ሥጋት ይበላሉ፤ ሲነዱም የሚፈሩት ነገር የለም። የሽማግሌው ስም ይዋረዳል ብለን ፈርተን ነበር፤ ሰው ግን ጥፋቱን በአደባባይ የሚናገር ባለሙያ ሲያገኝ ይበልጥ ያምነዋል። ሥራችንን ማስፈተሽ ውርደት አለመሆኑን፣ ታናሽ የሚያየውን ታላቅ ሊያጣው እንደሚችል፣ የታላቅም እጅ ታናሽ የሳተውን እንደሚያቃና ከዚያ ቤት ተማርኩ። እነሆ ለአንባቢዬም አካፈልኩ።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስና፣ ስልኩ የጠራው ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል ነው። ልጅቱ አየችና ለአጎቷ ሰጠቻቸው።

«አባባ፣ ደርሰናል። ሁሉም ወርደዋል።»

«ስንት ነበሩ?»

«እ?»

«ስንት ሰው ነበር የጫንከው?»

«አሥራ አንድ፤ ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት። ምነው?»

«ምንም» አሉ። «ልወቀው ብዬ ነው።»

ስልኩን መለሱላትና አጥሩ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ለመነሳት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።